ያለ ቅያሪ

የታናሽ ወንድሙን የሸዋንግዛውን ቃሬዛ ፊተኛ ጫፍ ከያዘ ጀምሮ ለማንም አልለቀቀም። የዕድሩ ጎረምሶች ሌሎቹን ሦስት ጫፎች እየተቀያየሩ ይሸከማሉ፤ እሱ ግን ሊቀይረው የመጣውን ሁሉ "እጅህን ሰብስብ፤ የኔ ነው" እያለ ይመልሳል። ቃሬዛው ወደ እሱ በኩል አዘንብሏል። ለቀስተኛው በቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ላይ ተጓተተ።

የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ማንያዘዋል ጠጋ አሉት።

"ልጄ፣ ፍትሐቱ ሊያልፍብን ነው። ካህናቱ ቆመው እየጠበቁን ነው፤ ለሰው ስጥ።"

"ይጠብቁ፣ ጋሼ።"

"ወድቀህ አስከሬኑን ልትጥለው ነው እኮ።"

"እሱ እኔን ጥሎኝ ያውቃል?"

ሸዋንግዛው ይህን ታላቅ ወንድሙን በጀርባው አዝሎ በዚሁ ዳገት ትምህርት ቤት ሲያመላልሰው ያላየ የመንደሩ ሰው የለም። ጓደኞቹ "ተራ እንያዝልህ" ሲሉት "እጃችሁን ሰብስቡ፤ የኔ ነው" ይላቸው ነበር።

ጋሽ ማንያዘዋል ወደ ለቀስተኛው ዞረው "ቀስ በሉ" አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ድንጋይ ላይ የተንሸራተተውን ክራንች አንስተው መልሰው ብብቱ ስር አስገቡለት።