የሐዘን ፈቃድ በዛንዚባር

የእኛ ሰውዬ አለቃው የዓመት ፈቃድ ቢከለክለው፣ «ደብረ ብርሃን ያሉት አክስቴ አረፉ» ብሎ የሐዘን ፈቃድ ወሰደና ከሚስቱ ጋር ዛንዚባር ገባ። ጠዋት የጥንቱን ከተማ ዞሩ፣ ከሰዓት በጀልባ ዶልፊን ለማየት ወጡ። ሚስቱ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ልለጥፈው ስትል፣ «ተይ አንቺ! ከእንጀራዬ ልታፈናቅይኝ ነው?» ይላል ቦርጩን እያሻሸ።

በሦስተኛው ቀን አሸዋው ላይ ተንጋሎ የኮኮናት ውኃ ሲመጥ አለቃው ደወለ። የሐዘንተኛ ድምፅ አውጥቶ አነሳው።

«ሠራተኛው በሙሉ ለቅሶ ልንደርስህ ሚኒባስ ተኮናትረን ደብረ ብርሃን መጥተናል።»

«ኧረ ለምን ደከማችሁ! ቤቱም አይገኝላችሁ!»

«ጠይቀን አገኘነው። ቆይ፣ የሚያናግርህ ሰው አለ።»

ስልኩን የተቀበሉት አክስቱ ናቸው።

«አንተ፣ ለመሆኑ ምንድነው የገደለኝ?»