የቫይረሱ ዘር ማንዘር

ዶክተሩ ጥፋተኛዋን ያወቀው ምርመራው ከመጀመሩ በፊት ነው። ሳይንስ ጊዜ ይፈጃል፤ እሱ ደግሞ ጊዜ አልነበረውም።

በሚሠራበት የግብርና ምርምር ጣቢያ ዙሪያ የአሥራ አንድ ገበሬዎች ስኳር ድንች ቅጠሉ ተጨማዶ፣ ሥሩ የአይጥ ጅራት አክሎ ቀርቷል። አሥራ አንዱም በአንድ ወቅት ከአንዲት ባልቴት ሐረግ ወስደው ተክለዋል። ባልቴቷ ለለመናቸው ሁሉ እየቆረጡ ስለሚሰጡ እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ተረስቶ «እትዬ ሐረግ» ሆነዋል። ማሳቸው ከኮረብታው ወዲያ ነው። አራት ልጅ ያሳደጉት በእሱ ነው፤ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው» አለ ዶክተሩ፣ ለንጹሕ አየር የቢሮውን መስኮት እየከፈተ።

ከመስኮቱ ሥር ችግኝ ጣቢያው ነው። ገበሬዎቹ በየዓመቱ «ከበሽታ ነጻ» የሚል ወረቀት የታሰረበት ሐረግ የሚወስዱት ከዚያ ነው። ችግኞቹን ከነፍሳት የሚከልለው መረብ ላይ ያለችው ቀዳዳ በሚመጣው ዓመት የጥገና ዕቅድ ውስጥ በክብር ተካታለች።

እትዬ ሐረግ ተጠርተው መጡ።

«የእኛን ሐረግ ለምን አይወስዱም?» አላቸው ዶክተሩ።

«የራሴ እያለኝ ምን አስለመነኝ፣ ልጄ? ደግሞ ቅጠሌን እየው፤ ምን ሆነ?»

«ቫይረስ ይደበቃል እትዬ። ደህና መስሎ ዓመት ይቀመጣል። መነሻው የሆነ ተክል አንድም ሳይቀር ይቃጠላል፤ መመሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የምርመራው ውጤት ዓርብ ይደርሳል። ሲመጡ ክብሪት ይያዙ፤ እዚህ ክብሪት ለማውጣት ሦስት ፊርማ ይጠይቃል።»

አሮጊቷ እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ብቻ በደንብ እየው» ብለው ወጡ።

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ከየማሳው ቅጠል ሰበሰበች። ሥራዋ የእያንዳንዱን ቫይረስ ዘረ መል አንብባ፣ ማን ከማን እንደተወለደ ዘር ማንዘሩን መቁጠር ነው።

«ለማነጻጸሪያ ጤነኛ ተክል ያስፈልገኛል» አለች።

የዶክተሩ ፊት በራ። ከባሕር ማዶ ስብሰባ ሲመለስ በካልሲው ጠቅልሎ ያመጣት የስኳር ድንች ሐረግ መስኮቱ ላይ፣ በአበባ ሸክላ ውስጥ ተንዠርግጋለች። ጠዋት ጠዋት ውሃ ያጠጣታል፤ ከቅጠሏ ሥር ብን የሚሉትን ትንንሽ ነጫጭ ዝንቦች በጋዜጣ እያራገበ ወደ ውጭ ያባርርላታል። ሚስቱን እንዲህ ተንከባክቧት አያውቅም።

«ከዚህች ውሰጂ» አለ፣ ሁለት ቅጠል ራሱ ቀጥፎ። «ጤነኛ ምን እንደሚመስል ማሽኑም ይየው።»

ዓርብ ጠዋት እትዬ ሐረግ ክብሪታቸውን ጨብጠው ከወንበሩ ጫፍ ተቀመጡ። ዶክተሩ የማቃጠያ ትእዛዙን ፈርሞ ጨርሷል፤ የቀረው የተክሉን ባለቤት ስም መጻፍ ብቻ ነው።

ባለሙያዋ ወረቀቷን ይዛ ገባች።

«የእትዬ ማሳ ንጹሕ ነው። ምንም የለበትም።»

«ታዲያ የአሥራ አንዱ ቫይረስ ከየት መጣ?» አለ ዶክተሩ።

ባለሙያዋ ዓይኗን ከወረቀቱ አላነሣችም። «የሁሉም ቅድመ አያት የተገኘው በአንድ ናሙና ላይ ብቻ ነው። እርስዎ ለማነጻጸሪያ በሰጡኝ።»

እትዬ ሐረግ ቀስ ብለው ተነሡና ክብሪቱን መስኮቱ ላይ፣ ከሸክላው አጠገብ አስቀመጡት።