ላንቴ የተማረው አማርኛ

ቻይናዊው ፕሮፌሰር ከመኪናው ሲወርድ ጋሽ ኦይታ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ጨብጠው ከሙዙ ጥላ ሥር ያዩት ነበር። ያኔ ጎረምሳ ሳለ፣ እዚሁ ላንቴ እሳቸውና ሚስታቸው አስቴር ቤት አርፎ የማሳቸውን አፈር በላስቲክ እየቋጠረ ሲመረምር፣ አመሻሽ አመሻሽ ላይ አማርኛ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። አሁን ጠጉሩ ነጥቷል፤ በአገሩ የትልቅ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆኗል። ባለሥልጣኑ ሁሉ ከቦታል። "ስንቱን ሲያስተምር፣ ስንቱን ሲያስተዳድር ኖሮ እኛን ከየት ያስታውሳል?" አሉ በሆዳቸው።

ሰውዬው ግን የተዘረጋለትን እጅ ሁሉ አልፎ ወደ ሙዙ መጣ። ጎንበስ ብሎ አፈር ቆነጠረ፤ በጣቶቹ አሸት አሸት አድርጎ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

"ጋሽ ኦይታ" አለ ቀስ ብሎ። "እማማ አስቴርስ? ደህና ነው? ዛሬም የቦዬ ሥር ቀቅሏል?"

አብራው የመጣችው አስተርጓሚ ሳቋን ዋጥ አድርጋ "ፕሮፌሰር፣ ለሴት 'ደህና ናት' ነው የሚባለው" አለችው።

"ተይው ልጄ፣ እንዲያ ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ" አሉ ጋሽ ኦይታ።

እሳቸው እንኳ የልጅ ልጆቻቸው እየሳቁ ካረሟቸው ወዲህ እንዲያ መናገር ትተው ነበር። አፈር የነካ እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት። ከዚያ በድሮው አማርኛቸው፣ ሚስታቸው በምታውቀው፣ መለሱለት።

"አረፈ፣ ልጄ። እስኪያርፍ ድረስ አንተን ይጠይቅ ነበር።"