የኮምፒውተር ሽንኩርት

የእርሻ ጌሙ እንደማይከፈት ያየሁት የጎረቤቴ ልጅ ምንታምር ኮምፒውተሬን አድሳ አፍጥናልኝ ከሄደች በኋላ ነው።

«እትዬ፣ እሱን የሚያጫውተው ፕሮግራም አርጅቷል፤ አጥፍቼዋለሁ» አለችኝ ስደውልላት። «ጌሙ አሁን የሚሠራው ባልታደሰ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው።»

ከእኔ ተጣልቶ ሀዋሳ የገባው ልጄ ስልኬን አያነሳም። በሕይወት መኖሩን የማውቀው ጌሙ ላይ ሽንኩርቱን ሲነቅል በማየት ነበር። በሐሰት ስም እየገባሁ መደቡን አጠጣለት ነበር። አሁን ቢሞትስ በምን አውቃለሁ?

ሳምንት ሳይሞላ አንድ ምሽት በሩ ተንኳኳ። ልጄ ነው፤ ጥቁር ለብሷል።

«ማን ሞተ?» ብዬ ጮህኩ።

«አንቺ ነሻ! ሽንኩርቴ ደረቀ። ሰፈሩን ስዞር የቆየሁት የለቅሶ ድንኳን ስፈልግ ነው።»

«እኔ መሆኔን በምን አወቅክ?»

«ጌሙ ላይ ዝናብ እየዘነበ ውሃ የሚያጠጣ ሌላ ማን አለ?»

አስገባሁትና በሩን ቆለፍኩ፤ ቁልፉን ጡት መያዣዬ ውስጥ ሸጎጥኩት።