ስም ለቃሚ

ሰውየው የመጣው በፈረንጆቹ 2014፣ ዝናብ በማያባራበት አንድ የሐምሌ እሑድ ነው። ሜልቦርን ውስጥ፣ ያራቪል ባቡር ጣቢያ ጀርባ ጉባኤው በተከራየው አዳራሽ መዝሙር ተጀምሯል። ቀስ ብሎ ገብቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ከኮቱ ኪስ ትንሽ ደብተር አወጣና መጻፍ ጀመረ።

ተረፈች አየችው። ለመንግሥት ስም የሚለቅም ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ ታውቃለች።

ከአምልኮ በኋላ ሻይ የምታድለው ማንተግቦሽ አነጋገረችው። ስሙ ዕቁባይ ነው፤ ከፐርዝ በቅርቡ መጥቷል፤ አዲስ አበባ ተወልዶ በጦርነቱ ጊዜ ወደ አስመራ ከተባረሩት አንዱ ነው። ከዚያ እሱ በተራው፣ ከእናንተ መካከል ከአስመራ የመጣ ማን አለ፣ መቼስ ወጣ ብሎ ጠየቃት። ማንተግቦሽ የዋህ ናት፤ የምታውቀውን ሁሉ ዘረገፈችለት። ተረፈች ሻይዋን ሳትጨርስ ወደምትኖርበት ሆፐርስ ክሮሲንግ በሚሄደው ባቡር ተሳፈረች።

በዚያች ጉባኤ የተረፈችን ቃል የሚጠራጠር አልነበረም። አስመራ ላይ መንግሥት ቤተ ክርስቲያናቸውን ሲዘጋ፣ ሃያ ሁለት ሆነው በአንድ ቤት መጋረጃ ዘግተው በሹክሹክታ ይዘምሩ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወታደሮች መጥተው ሁሉንም አፈሷቸውና ኮንቴይነር ውስጥ ቆለፉባቸው። እሷ ብቻ በዘጠነኛው ቀን ተፈትታ ወጣች፤ በሱዳን በኩልም ሜልቦርን ደረሰች። ስም መልአክ ያወጣዋል ይሏታል። በየዓመቱ ስትመሰክር የቀኑን ሐሩር፣ የንጋቱን ብርድ፣ ከብረቱ ጣሪያ የሚንጠባጠበውን እርጥበት ትናገራለች፤ የማያለቅስ የለም። ከሃያ አንዱ ጓደኞቿ ግን የአንዱንም ስም አንስታ አታውቅም። ሐዘኑ ከብዷት ነው ይላሉ።

ለፓስተር በዳሳ ነገረችው።

«ፓስተር፣ ሰውየው ለጸሎት የመጣ አይደለም። አስመራ ዘመድ ላላቸው ሰዎች ያስቡላቸው።»

በዳሳ ግን፣ ስንት በር የተዘጋብን ሰዎች እኛው በር እንዝጋ እንዴ ብሎ ለዘብ አደረገው።

በሁለተኛው እሑድም ጻፈ። በሦስተኛው እሑድ ተረፈች ቀረች። በማግሥቱ ማንተግቦሽ ስልክ ደወለችላት። ተረፈች በምትሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ አንድ አዛውንት ሾርባ እያጎረሰች ነበር። ዕቁባይ ስሟን ከነአባቷ ስም ጠርቶ የት እንደምትኖር ጠይቋል አለቻት። ተረፈች ማንኪያውን አስቀምጣ ስልኩን ዘጋች።

ሲም ካርዷን ቀየረች፤ የእሑድ ሺፍት ለመነች። ግን በር በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች። በመጨረሻ እኔ ከምጠፋ እሱ ይሂድ አለችና ለሁለቱ የጉባኤው ሽማግሌዎች ደወለች። የአንደኛው እናት አስመራ ናቸው፤ የሌላው ወንድም እስካሁን እስር ላይ ነው። ብዙ ማስረዳት አላስፈለጋትም።

በሚቀጥለው እሑድ ዕቁባይን የሕፃናት ትምህርት ወደሚሰጥባት ክፍል ጠሩት። ከትንንሾቹ ወንበሮች በአንዷ ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ። ተረፈች ቆማለች። በዳሳ ይቅርታ ጠይቆ ደብተሩን እንዲያሳያቸው ለመነው። ዕቁባይ ሳያንገራግር ሰጠው። በዳሳ ገጽ በገጽ አገላበጠው፤ የስብከቱ ጥቅሶች ብቻ ነበሩ።

«ብልጥ ሰላይ እንዲህ ነው» አለች ተረፈች። «እስቲ ማንም አልላከኝም በል።»

«የላከኝ ሰው አለ» አለ ዕቁባይ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ተረፈች፣ ነግሬያችሁ ነበር አለች። ማን እንደላከው በዳሳ ጠየቀ።

ዕቁባይ ከወንበሯ ተነሥቶ ፊቱን ወደ ተረፈች መለሰ።

«ባለቤቴ ሩታ ናት። ከአንቺ ጋር በተቆለፈባት ኮንቴይነር ውስጥ በአራተኛው ዓመት ሞተች፤ ከእሷ ጋር የታሰረ ሰው ሲፈታ ኑዛዜዋን አደረሰኝ፤ ‹ስማችንን አሳልፋ የሰጠችው ተረፈች ናት፤ ፈልጋትና ይቅር እንዳልኳት ንገራት› ብላለች።»