ያለ «ጓድ» የተጻፈ ስም

ካድሬው ደብዳቤውን ታይፕ መኪናው ላይ ዘርግቶ ጣቱን ከሦስተኛው መስመር ላይ ተከለ። «ከላይ ጓድ ታገኘ ይላል፤ እዚህ ግን ታገኘ ብቻ። ጓድነቴን ማን ነው የገፈፈኝ?» አላት። ደብዳቤውን በታይፕ የጻፈችው ማንጠግቦሽ ጎንበስ ብላ መስመሩን አየች። ከስሜን ተራራ የሚወርደው ብርድ በተከፈተው በር ይገባል፤ እሷን ግን ላብ አጠመቃት። አምና ከዚሁ ከደባርቅ ጽሕፈት ቤት በእንዲህ ያለ ነገር የተወሰደው ሒሳብ ሹም፣ ጎንደር ገባ ከተባለ ወዲህ ወሬው አልተሰማም።

መልሱ ከጎኗ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነበር። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ደምለው፣ ጽሑፍ እንዳይንዛዛ ብለው ሰሞኑን በእጃቸው የጻፉት አዲስ ደንብ ነው፦ «የማዕረግ ስም በደብዳቤው መጀመሪያ አንዴ ከተጻፈ አይደገም።» ጋሽ ደምለው ከኋላዋ ተቀምጠዋል። ማንጠግቦሽ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ ደንቡን በትከሻዋ ከለለችው። «ተሳስቼ ነው፣ ጓድ» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

ወንበር ተንቋቋ። ጋሽ ደምለው መጥተው በቀስታ ገለል አደረጓት። «እሷ የታዘዘችውን ነው የጻፈችው። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አሉ።

ካድሬው ግድግዳው ላይ ያለውን አነበበ፤ ደግሞም አነበበ። «ጋቢህን ደርብ። መኪናው ውጭ ቆሟል» አላቸው።

ጋሽ ደምለው ከበሩ ሲደርሱ ዞር አሉ። «ማንጠግቦሽ፣ ልጄ» አሉ፣ «ባለቤቴን ለምሳ እንዳትጠብቀኝ ንገሪልኝ።»