ዳገት፣ ኮረኮንችና ጭነት

መምህሩ መኪና ካልገዛሁ ብሎ የተነሣው የመጀመሪያ ልጁ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሊወለድ ምንም ያልቀረው ቀን ነው። ይሄው አሁን ሁለተኛው ሊመጣ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

መኪናዋ ያገለገለች ናት፤ ነጭ፣ ባለ አራት በር፣ መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ላይ የቆመች። ባለቤቷ ፋርማሲስቱ ነው። መምህሩ ብቻውን አልመጣም። የሚስቱን ወንድም ይዟል። መካኒክ ነው፤ የሞተር ሕመም በመስማት ብቻ ስለሚለይ ሰፈሩ ሁሉ "ጆሮ" ይለዋል።

ጆሮ ኮፈኑን ከፍቶ ዘይቱን አየ፣ አሸተተ። ከሥር ተንጋልሎ ገባና አቧራ ለብሶ ወጣ።

"ቆማ ጤነኛ ናት፤ ስትሄድ ደግሞ ልስማት" አለ።

ፋርማሲስቱ በገበያተኛ ተከቧል። ቁልፉን በመስኮት አቀበላቸው። በዚህ መሃል አንዲት ዘንቢል የያዙ አሮጊት ከኋላ በር አጠገብ ቆሙ።

"እኔስ አብሬ ብሄድ?"

"ምን ችግር አለው፣ እማማ! ይግቡ፣ ይግቡ" አለ ፋርማሲስቱ፣ ዓይኑን ከማዘዣው ወረቀት ሳይነቅል።

"ይዘናት እንዳንጠፋ እናቱን ላከብን" ብሎ መምህሩ አንሾካሾከ።

መምህሩ መሪውን ያዘ፤ አሮጊቷ ከኋላ ተደላድለው ተቀመጡ። ሞተሩ ሲነሣ አፋቸውም አብሮ ተነሣ።

"አስፋልቱን ተወው፣ ልጄ። አስፋልት ላይ የማይሄድ ማን አለ? በዳገቱ ያዛት።"

"ልክ ናቸው፤ ፍሪሲዮን የሚታወቀው ዳገት ላይ ነው" አለ ጆሮ።

ዳገቱን ተያያዙት። ጆሮ አንገቱን አዘንብሎ ሊያዳምጥ ሲል አሮጊቷ የጉልበታቸውን ሕመም ከሥሩ ያወሩ ጀመር። ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ድምፃቸው ከፍ ይላል።

"አሁን ደግሞ በቀኝ፣ በኮረኮንቹ። ወገቧን እዩላት።"

መኪናዋ እየተንገጫገጨች ወረደች። አሮጊቷ አሁን ስለ ምራታቸው እያወሩ ነው። ጆሮ ወደ መምህሩ ጠጋ አለ።

"የሚሸፍኑት ድምፅ አለ። የማርሹ ሳጥን፣ ካምቢዮው ነው፤ ካልሆነ ምን አለ በለኝ።"

መምህሩ ፍጥነቱን ቀንሶ የቀሩትን ሳምንታት ቆጠረ። ሚስቱ ጠዋት ስትሸኘው ሆዷን ደግፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

"እዚህ ጋ ቁም!" አሉ አሮጊቷ።

ወፍጮ ቤት ነው።

"ጭነት ሳይሞከር መኪና ይገዛል እንዴ? ሁለት ማዳበሪያ ዱቄት አለኝ።"

ጆሮ ሳይወድ ራሱን ነቀነቀ፤ ነገሩ እውነት ነው። መምህሩና እሱ ማዳበሪያዎቹን ተሸክመው ጫኑ። የመምህሩ ጥቁር ኮት ነጭ ሆነ። ወፍጮ ፈጪው በሩን ተደግፎ እየሳቀ ነበር።

"እማማ፣ ዛሬ ደግሞ በነጭ መኪና መጡ?"

"ምን ላድርግ፣ ልጄ፣ የተገኘው ነዋ!"

ከዚያ ወዲያ ሁለት ጊዜ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ታጠፉ፤ ጠባብ ቅያስ ውስጥ ገብተው አንድ አረንጓዴ በር ፊት ቆሙ። ማዳበሪያዎቹን እስከ ጓዳ ድረስ አስገቡላቸው። አሮጊቷ በረጅሙ መርቀዋቸው የመኪናዋን ጣሪያ ቸብ ቸብ አደረጉ።

"ግዛት፣ ልጄ። ያላንዳች ሐሳብ ግዛት። እኔ ከእንግዲህ አልመለስም፤ ደክሞኛል።"

ሲመለሱ ጆሮ መስኮቱን ዘግቶ፣ ትንፋሹን ውጦ እስከ መድኃኒት ቤቱ ድረስ አዳመጠ። ካምቢዮው ጤነኛ ነው፤ ሞላውም፣ ፍሬኑም።

"ታዲያ ምን ሊደብቁን ነበር?" አለ መምህሩ።

"እኔ እንጃ። እሷን ያህል ጤነኛ መኪና ሰምቼ አላውቅም።"

መምህሩ ከሁለት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ። ዱቄቱን ከኮቱ አራግፎ፣ "እገዛታለሁ!" እያለ ወረደ።

ፋርማሲስቱ ብቅ ብሎ ወደ ባዶው የኋላ ወንበር አጎንብሶ አየ።

"ምነው፣ እናትዎን የት አወረዷቸው?"